የበርሜል ውኃና የጅቡቲዋ ትንኝ

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ጤና አጠባበቅ በየሳምንቱ ስንወያይ ቆይተናል። ሰሞኑን ከአንድ የሠራዊቱ አባል ባለቤት የደረሰን ደብዳቤ ግን ከወትሮው ለየት ያለ ጥያቄ ይዟል። እኅታችን እንዲህ ሲሉ ይጠይቁናል፦ «በምንኖርበት ሰፈር ረግረግ የለም፤ ወንዝ የለም፤ ዝናብም ከጣለ ወራት ተቆጥረዋል። ታዲያ የአራት ዓመት ልጄ ወባ ያዘው መባሉ እንዴት ሊሆን ይችላል? ልጁ ከግቢ ርቆ አያውቅም። ጎረቤቶቼ ግን ቤቷን ስለማታጸዳ ነው እያሉ ያሙኛል።»

ደብዳቤው ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው የዕውቀት ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው የሐዘን ቃል ነው። ለሁለቱም መልስ መስጠት ይገባናልና የዛሬውን ጽሑፋችንን ለዚሁ አውለነዋል። መልሱ የሚጀምረው ግን ከሰፈራችን ሳይሆን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ፣ ከጅቡቲ ከተማ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

የምናውቀው ወባ

ወባን ለወታደር ማስተዋወቅ ለቀባሪው ማርዳት ይመስላል። በቆላ የዘመተ ሁሉ ብርድ ብርድ ያለውን፣ ያንቀጠቀጠውንና በላብ ያጠመቀውን ሕመም አይረሳውም። በአገራችን ይህን በሽታ ከሰው ወደ ሰው ስታስተላልፍ የኖረችው ዋነኛዋ ትንኝ በሳይንስ ስሟ አኖፊለስ አረቢየንሲስ የምትባለው ናት። ክረምቱ ሲያበቃ ፀሐይ በሚያገኘው ኩሬ፣ ወንዝ ሲጎድል ዳር ላይ በሚቀረው ውኃ፣ የከብት ኮቴ በረገጠው ጉድጓድ ሳይቀር ትራባለች። ውኃው ሲደርቅ ቁጥሯም አብሮ ይመነምናል። የወባ ወራት ተብለው የሚታወቁት በአብዛኛው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያሉት መሆናቸው በዚህ ምክንያት ነው። በ1958 በተነሣው ታላቅ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታምሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። በማግሥቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቁሞ የሚረጩ ሠራተኞች ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ።

ከዚህ ሁሉ ልምድ የተነሣ በየቤታችን አንድ እምነት ሥር ሰድዷል። ይኸውም ወባ የቆላ፣ የገጠርና የክረምት ማግሥት በሽታ ነው የሚለው ነው። እምነቱ ሐሰት አልነበረም። ዛሬ ግን ብቻውን አይበቃም።

ስለ ወባ ያለው ዕውቀት ራሱ ከጦር ሠራዊት ጋር የተሳሰረ ታሪክ አለው። የበሽታውን ተውሳክ በሕመምተኛ ደም ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በ1880 በአልጄሪያ ያገለግል የነበረው የፈረንሣይ ጦር ሐኪም አልፎንስ ላቬራን ነው። ተውሳኩ በትንኝ አካል ውስጥ እንደሚያድግ በ1897 በሕንድ አገር ያረጋገጠው ሮናልድ ሮስም የጦር ሐኪም ነበር። ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ከአንድ ምዕተ ዓመት በኋላ በጅቡቲ ከተማ አዲሲቱን ትንኝ ካስተዋወቁት ተመራማሪዎች መካከልም በጀርመን ጦር የሕክምና ክፍል የሚሠራ የነፍሳት ሊቅ ይገኝበታል።

በጅቡቲ ከተማ የሆነው

ጅቡቲን ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ያውቋታል። በባቡር የተጓዘባት፣ በጋላፊ በኩል ጭነት ያመላለሰባት፣ ዘመድ ያለው ብዙ ነው። በበጋዋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል። ዝናብ እምብዛም አይጥልባትም። የአምቡሊ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋና ጠጠር ብቻ ነው። ከባላባላ ኮረብታ እስከ ወደቡ ድረስ ቢኬድ ረግረግ የሚባል ነገር ማግኘት ያስቸግራል። በዚህም የተነሣ ወባ በከተማዋ ተዳክሞ ነበር። በ2012 በጅቡቲ አገር በሙሉ የተመዘገቡት የወባ ሕሙማን 27 ብቻ ነበሩ።

በዚያው በ2012 ነበር በከተማዋ ከዚያ በፊት ያልታወቀች የወባ ትንኝ የተገኘችው። ሚሻኤል ፋውልደና ባልደረቦቹ ትንኟን መርምረው ውጤቱን በ2014 በሳይንስ መጽሔት አሳተሙ። ስሟ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ነው። ከዚያ በኋላ የሕሙማኑ ቁጥር በየዓመቱ እየጨመረ ሄዶ በ2020 ከ73,000 በላይ ደረሰ። የጅቡቲ ሕዝብ አንድ ሚሊዮን ገደማ መሆኑን ስናስብ የነገሩ ክብደት ይታየናል። ለጭማሪው ሁሉ ተጠያቂዋ እርሷ ብቻ ናት ባይባልም ተመራማሪዎች ታላቁን ድርሻ የሰጡት ለእርሷ ነው። በ2019 በዚያ በሰፈሩ የፈረንሣይ ወታደሮች መካከል ወባ በተነሣ ጊዜም የዚህችው ትንኝ ስም ተነሥቷል። ካምፕና አጥር፣ ዲሲፕሊንና ማዕረግ አያግዷትም ማለት ነው።

ለመሆኑ ከየት መጣች? የትውልድ አገሯ ሕንድና ፓኪስታን፣ ኢራንና የዓረብ ልሳነ ምድር ነው። በ1901 ሊስተን የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም በሕንድ አግኝቷት ስቴፈንስ በተባለ የሙያ ጓደኛው ስም ሰየማት። በቦምቤይ ከተማ የወባ መንሥኤ ይህችው ትንኝ መሆኗ በ1911 በወጣ ዘገባ ተገልጿል። ይራቡ የነበሩት በሀብታምና በድኻ ቤት ግቢ በነበሩ የውኃ ጉድጓዶችና ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ነበር። ወደ ጅቡቲ የገባችው በመርከብ ተጭና ሳይሆን እንዳልቀረ ይገመታል። ለወደብ ከተማ ይህ የሚያስደንቅ አይደለም።

የአካሏ አሠራር

ጠላትን ለመከላከል አስቀድሞ መልኩን ማወቅ ግድ ነው። ትንኟ ከስንዴ ቅንጣት ያነሰች ናት። እንደ ሌሎች ነፍሳት ሁሉ ጭንቅላት፣ ደረትና ሆድ አላት፤ እግሮቿ ስድስት፣ ክንፎቿ ሁለት ናቸው። ከክንፎቿ ኋላ ደግሞ በበረራ ጊዜ ሚዛን የሚጠብቁላት ሁለት ትናንሽ ዱላ መሰል አካላት አሉ።

ከተራዋ የቤት ትንኝ የምትለየው በመጀመሪያ በአቀማመጧ ነው። የቤት ትንኝ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ሰውነቷን ከግድግዳው ጋር አስተካክላ ነው። የወባ ትንኝ ግን ጭንቅላቷን ወደ ግድግዳው ዝቅ፣ ጅራቷን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ ዘንበል ብላ ትቆማለች። በግድግዳ ላይ እንደተሰካ መርፌ ትመስላለች። ክንፎቿ ላይ ጥቁርና ፈዛዛ ነቁጦች ተፈራርቀው ይታያሉ።

ስቴፈንሲን ከሌሎቹ የወባ ትንኞች ለመለየት ደግሞ ባለሙያዎች በአጉሊ መነጽር የሚመለከቱት በመውጊያዋ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት መዳሰሻዎች ነው። በሴቷ የወባ ትንኝ እነዚህ መዳሰሻዎች ርዝመታቸው ከመውጊያዋ ጋር እኩል ነው። በስቴፈንሲ መዳሰሻ ላይ ሦስት ነጫጭ ቀለበቶች ያሉ ሲሆን ወደ ጫፍ ያሉት ሁለቱ ሰፋፊ ናቸው። በቀለበቶቹ መካከል ዱቄት እንደተነሰነሰ ያህል ነጫጭ ነጥቦች ይታያሉ። እግሮቿም እንዲሁ ዝንጉርጉር ናቸው።

መውጊያዋ ሲታይ አንድ መርፌ ይመስላል እንጂ በአንድ ሰገባ ውስጥ የተከተቱ ስድስት ቀጫጭን መሣሪያዎች ናቸው። ሰገባው ራሱ ቆዳ አይበሳም፤ ጎንበስ ብሎ ይቀራል። ከስድስቱ አራቱ ቆዳውን የሚሰነጥቁና የሚይዙ ናቸው። አምስተኛው ምራቅ ያስገባል፤ ስድስተኛው ደም ይስባል። ምራቁ ደሙ እንዳይረጋ ያደርጋል፤ በኋላ የሚያሳክከንም እርሱ ነው። የወባ ተውሳክ ወደ ሰውነታችን የሚገባው በዚሁ ምራቅ ነው።

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ነገር አለ። ትንኟ ከሕመምተኛ የጠጣችውን ተውሳክ ወዲያውኑ ለሌላ ሰው አታስተላልፍም። ተውሳኩ በሆዷ ውስጥ አድጎና ተባዝቶ እስከ ምራቅ ዕጢዋ ለመድረስ እንደ አየሩ ሙቀት ከ10 እስከ 14 ቀን ያህል ይፈጅበታል። ስለሆነም አደገኛዋ ዕድሜ ያገኘችው ትንኝ ናት። ዕድሜዋን ያሳጠረ በሽታውንም አሳጠረ ማለት ነው።

ወንዱ ትንኝ ሰው አይነክስም። ምግቡ የአበባና የተክል ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። አንቴናዎቹ እንደ ላባ የተንጨፈረሩ ስለሆኑ በዓይን እንኳ መለየት ይቻላል። እነዚህ ላባዎች ጆሮዎቹ ናቸው።

አራባቧ

ፀሐይ ስትጠልቅ ወንዶቹ በአንድ ቦታ ተሰብስበው በአየር ላይ ይንሳፈፋሉ። ሴቷ ስትጠጋ የክንፏ ድምፅ ከእነርሱ ድምፅ የተለየ ስለሆነ በአንቴናቸው ሰምተው ይለዩአታል። አብዛኛውን ጊዜ ሴቷ በሕይወቷ የምትገናኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የተቀበለችውን ዘር በሆዷ ባለች ትንሽ ከረጢት አስቀምጣ ለዕድሜ ልኳ ትጠቀምበታለች።

እንቁላል ለማሳደግ ግን ደም ያስፈልጋታል። ደም የምትጠጣው ለራሷ ረሃብ ሳይሆን ለልጆቿ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በትንፋሻችን፣ በላባችን ሽታና በሰውነታችን ሙቀት ፈልጋ ታገኘናለች። ከጠገበች በኋላ ሁለት ሦስት ቀን አርፋ፣ እንቁላሉ ሲበስል በሌሊት ውኃ ፍለጋ ትወጣለች።

የዚህችን ትንኝ እንግዳ ጠባይ የምናየው እዚህ ላይ ነው። ሌሎቹ እኅቶቿ ሜዳ ላይ ያለ ኩሬ ሲፈልጉ እርሷ ሰው ያጠራቀመውን ውኃ ትመርጣለች። በርሜል፣ ጋን፣ በሲሚንቶ የተሠራ ቢርካ፣ ጣራ ላይ የተሰቀለ ታንከር፣ ለግንባታ የተቆፈረና ውኃ የተሞላ ጉድጓድ፣ ለብሎኬት ማራሻ የተቀመጠ ውኃ፣ የተጣለ የመኪና ጎማ ሁሉ ይስማማታል። ለመጠጥ ተጣርቶ የተቀመጠው ንጹሕ ውኃ ለእርሷ ምቹ አልጋ ነው። ድርቅ አይጎዳትም። እንዲያውም ውኃ ሲጠፋ ሰው አብዝቶ ያጠራቅማልና መራቢያዋ ይበዛላታል። ደረቋ የጅቡቲ ከተማ ዓመቱን ሙሉ ልታኖራት የቻለችው በዚህ ምክንያት ነው።

እንቁላሎቿን በውኃው ፊት ላይ አንድ በአንድ ትጥላለች። እያንዳንዱ እንቁላል ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን ቅርጹ ታንኳ ይመስላል። በሁለቱ ጎኖቹ አየር የያዙ መንሳፈፊያዎች አሉት። በመንሳፈፊያዎቹ ላይ እንደ መሰላል እርከን የተደረደሩ ሽንትሮች ይታያሉ። ሊቃውንት እነዚህን ሽንትሮች ቆጥረው ስቴፈንሲን በሦስት ወገን ይከፍሏታል። የመጀመሪያው ወገን ከ14 እስከ 22፣ መካከለኛው ከ12 እስከ 17፣ ሦስተኛው ከ9 እስከ 15 ሽንትሮች አሉት። በከተማ ወባን በማስተላለፍ የታወቀው የመጀመሪያው ወገን ነው። የአንድ ከተማ ጤና በዓይን ከማይታይ እንቁላል ሽንትር ጋር መያያዙ የተፈጥሮን ረቂቅነት ያሳያል።

እንቁላሉ በሁለት ቀን ገደማ ይፈለፈልና እጩ ይወጣል። የተራዋ ትንኝ እጭ በጅራቱ በኩል ባለ የመተንፈሻ ቱቦ ከውኃው ፊት ተንጠልጥሎ ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይኖራል። የወባ ትንኝ እጭ ግን ይህ ቱቦ የለውም። ስለዚህ ለመተንፈስ በውኃው ፊት ላይ እንደተንሳፈፈ ስንጥር ተጋድሞ ይውላል። ሲመገብ ጭንቅላቱን ብቻ ግማሽ ዙር አዙሮ አፉን ወደ ላይ በማድረግ በውኃው ፊት ያለውን ረቂቅ ምግብ በአፉ ጠጉር እየጠረገ ይበላል። ጥላ ካረፈበት ወይም በርሜሉ ከተነቃነቀ ወዲያውኑ ወደ ታች ይሰምጣል። ክዳን ከፍቶ ለአፍታ ያየ ሰው «ውኃዬ ንጹሕ ነው» ብሎ የሚሄደው በዚህ የተነሣ ነው።

እጩ አራት ጊዜ አድጎ ቆዳውን ከለወጠ በኋላ እንደ ማጭድ ወደ ጎበጠ ቅርጽ ይለወጣል። በዚህ ጊዜ አይበላም፤ በደረቱ ባሉ ሁለት ትናንሽ ቀንዶች እየተነፈሰ ሁለት ቀን ያህል ይቆያል። ከዚያ ጀርባው ተሰንጥቆ ክንፍ ያላት ትንኝ ትወጣለች። ከእንቁላል እስከ ክንፍ ያለው ጊዜ በሞቃት አገር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ነው። ይህን ቁጥር አንባቢያን በልባቸው ይያዙት፤ መፍትሔው ያለው በእርሱ ውስጥ ነው።

ወደ አገራችን መዝለቋ

ትንኟ በጅቡቲ አልተወሰነችም። በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሐር ከተማ ተገኘች። በ2018 በምሥራቅና በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ በተደረገ አሰሳ በድሬ ዳዋ፣ በጅግጅጋ፣ በደገሐቡር፣ በጎዴ፣ በአዋሽ ሰባት፣ በገዋኔ፣ በሰመራና በባቲ መኖሯ ተረጋገጠ። ከእነዚህ አብዛኞቹ የመኪናና የባቡር መንገድ የሚያልፍባቸው፣ ነጋዴና ወታደር የሚበዛባቸው ከተሞች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ጉዳቱ በገሃድ የታየው በድሬ ዳዋ ነው። በ2019 የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት በከተማዋ የተመዘገቡት የወባ ሕሙማን 205 ነበሩ። በ2022 በእነዚሁ አምስት ወራት ቁጥሩ 2,425 ሆነ። ጊዜው የዝናብ ማግሥት ሳይሆን አብዛኛው ደረቅ ወራት ነበር። በዩኒቨርሲቲው ማደሪያ የሚኖሩ ተማሪዎች ሳይቀሩ ታመሙ። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎችና አጋሮቻቸው ባደረጉት ጥናት በሕሙማኑ መኖሪያ አካባቢ ከተያዙት የወባ ትንኞች አብዛኞቹ ስቴፈንሲ ሆነው ተገኙ። በትንኞቹም ውስጥ ተውሳኩ ተገኝቷል። አንድ ክፍል ውስጥ በተደራራቢ አልጋ የሚያድሩ ተማሪዎች አኗኗርና የእኛ ጦር ሰፈር አኗኗር ምን ያህል እንደሚቀራረብ መናገር አያሻንም።

ይህችን ትንኝ ለመከላከል የሚያስቸግሩ ሌሎች ጠባዮችም አሏት። ሰው ገና ሳይተኛ በምሽት ልትነክስ ትችላለች፤ ከቤት ውጭም ትነክሳለች፤ በበግና በፍየል በረትም ታድራለች። ብዙዎቹን የተለመዱ ፀረ ትንኝ መድኃኒቶች መቋቋሟ በአገራችን በተደረጉ ምርመራዎች ታይቷል። ስለዚህ አጎበርና የግድግዳ ርጭት ጠቃሚነታቸው ባይቀርም ብቻቸውን ግን አይበቁም። ከጅቡቲና ከኢትዮጵያ በኋላ በሱዳን፣ በሶማሊያ፣ በናይጄሪያ፣ በኬንያና በጋና ተገኝታለች። በአፍሪካ ከተሞች 126 ሚሊዮን ሕዝብ ለአደጋ ልታጋልጥ እንደምትችል በ2020 የወጣ ጥናት አመልክቷል።

ማን ይወቀስ?

እንግዲህ ወደ ደብዳቤው ሁለተኛ ክፍል እንመለስ። የእኅታችን ልጅ ወባ የያዘው ቤታቸው ስላልጸዳ አይደለም። ትንኟ ቆሻሻ ውኃ ሳይሆን የተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ እንደምትመርጥ አይተናል። ቧንቧ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ሌሊት ተነሥታ በርሜሏን የምትሞላ እናት ትጉ እንጂ ሰነፍ አይደለችም። ውኃ ማጠራቀም ጥፋት አይደለም፤ ውኃ የሌለው ቤት የሚገጥመው ሌላ በሽታ ነው። ስለሆነም ሐሜቱ ከእውነት የራቀ ከመሆኑም በላይ ጉዳት አለው። ስሟ እንዳይነሣ የፈራች እናት ልጇ ሲያተኩሰው ወደ ጤና ጣቢያ ከመውሰድ ይልቅ ቤት ዘግታ ታስታምማለች። ሐሜት ልጅ ይገድላል ብንል አላበዛንም።

ደግሞስ በሰፈሩ ውስጥ ያለው ውኃ የእናቶች በርሜል ብቻ ነውን? የጋራ ታንከሩ ክዳን የሚከፈትና የሚዘጋው በማን ነው? በጋራዡ ጓሮ የተከመሩት አሮጌ ጎማዎች የማን ናቸው? ሕንፃ ሲሠራ ተቆፍሮ ውኃ የተጠራቀመበትን ጉድጓድ ማን ይድፈነው? እነዚህ የክፍሉ፣ የንብረት ያዡ፣ የመሐንዲሱና በአጠቃላይ የወንዶቹ ኃላፊነት ናቸው። ሚስት በርሜሏን ብትከድንና ባል የሚሠራበት ግቢ ትንኝ ቢያረባ ድካሟ ከንቱ ይሆናል። ትንኟ የማዕረግ ልዩነት አታውቅም፤ ከሻለቃው ታንከር የወጣችው የአሥር አለቃውን ልጅ ትነክሳለች፤ ከአሥር አለቃው በርሜል የወጣችው የሻለቃውን።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ማናቸውም የውኃ ማጠራቀሚያ ትንኝ በማያስገባ ክዳን ይከደን። ክዳን የሌለው በርሜል በቀጭን ወንፊት ወይም ጥቅጥቅ ባለ ጨርቅ ተሸፍኖ አፉ ዙሪያውን በላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰር። ላላ ያለ ክዳን እንዲያውም ጥላ ይሆንላታል እንጂ አያግዳትም። በታንከር ላይ ያለው የአየርና የትርፍ ውኃ መውጫ ቱቦም ወንፊት ይደረግለት።

ሁለተኛ፣ ትንንሽ ዕቃዎች በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ይደፉ፤ ውስጣቸው ታሽቶ ታጥቦ ፀሐይ ይምታቸው። የተደፋው ውኃ ለልብስ ማጠቢያ ወይም ለአትክልት ይሁን እንጂ ወደ ሌላ ዕቃ አይገልበጥ። ከእንቁላል እስከ ክንፍ ያለው ጊዜ ከሳምንት እንደማያንስ ተናግረናል። በሰባት ቀን አንድ ጊዜ የሚደፋ ውኃ ትንኝ አያስወጣም። በሐሩር ወራት ከዚያ ባጠረ ጊዜ ቢደረግ ደግሞ ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ በርሜል ሲመረመር በባትሪ መብራት ይሁን። ክዳኑ ቀስ ተብሎ ይነሣና ሳይንቀሳቀሱ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቅ። የሰመጠው እጭ ለመተንፈስ ተመልሶ ይወጣል። በውኃው ፊት ተጋድሞ ከታየ የወባ ትንኝ ዘር ነው፤ ተዘቅዝቆ ከተንጠለጠለ ሌላ ትንኝ ነው። ሌላዋም ቢሆን የምትናቅ አይደለችም። በ2013 በድሬ ዳዋ የደንጊ ትኩሳት ስታስፋፋ የታየችው ኤዲስ የተባለችው ትንኝ የምትኖረው በዚሁ በርሜል ውስጥ ነው። አንድ ክዳን ሁለት በሽታ ይከለክላል።

አራተኛ፣ ሊደፋ የማይችለው ትልቅ ታንከርና ቢርካ የጤና ባለሙያ ይየው። በመጠጥ ውኃ ውስጥ የሚጨመር እጭ ገዳይ መድኃኒት አለ፤ መጠኑን የሚወስነው ግን ባለሙያው ብቻ ነው። ጋዝ ወይም የተቃጠለ ዘይት በመጠጥ ውኃ ላይ ማፍሰስ ፈጽሞ አይገባም። በ1980ዎቹ በጅቡቲና በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ወደብ በነበረችው በአሰብ ሌላ ዘዴም ተሞክሯል። አፋኒየስ ዲስፓር የተባለችውን የአካባቢው ትንሽ ዓሣ በጉድጓድና በማጠራቀሚያ ውስጥ በመጨመር እጮቹን እንድትበላ ማድረግ ነበር፤ በአሰብም በጎ ውጤት አስገኝቷል።

አምስተኛ፣ አሮጌ ጎማ ይነሣ ወይም ይበሳ፤ ሥራ የተጨረሰበት ጉድጓድ ይደፈን፤ የሚያስፈልገው በየሳምንቱ ይድረቅ።

ስድስተኛና ዋነኛው፣ ትኩሳት የያዘው ሰው በተለይም ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅና ነፍሰ ጡር በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመሩ። «ከተማ ነው፣ በጋ ነው፣ ወባ አይሆንም» ተብሎ አይታለፍ። ስቴፈንሲ ሁለቱንም ዋና ዋና የወባ ዓይነቶች፣ ፋልሲፓረምንም ቫይቫክስንም ታስተላልፋለች። ፋልሲፓረም ቶሎ ይገድላል። ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። ስለዚህ የታዘዘው መድኃኒት ሻል አለኝ ተብሎ ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው ይወሰድ።

በጅቡቲ ከተማ ትግሉ እንደቀጠለ ነው። በግንቦት 2024 በአምቡሊ ሠፈር በቤተ ሙከራ ዘራቸው የተለወጠ ወንድ ትንኞች ተለቅቀዋል። እነዚህ ወንዶች አይነክሱም። ከዱር ሴቶች ጋር ሲገናኙ የሚወለዱት ሴቶች ሳይጎለምሱ እንዲሞቱ ታስቦ የተዘጋጁ ናቸው። የሳይንስ ጥበብ እዚህ መድረሱ የሚያስደስት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ጥበብ ወደ እኛ ሰፈር እስኪደርስ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። የጅቡቲ ቁጥር ከ27 ወደ 73,000 የደረሰው በስምንት ዓመት ውስጥ መሆኑን አንርሳ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል የአገራችን ሰው። ለዚህች ትንኝ ቅጠሉ ክዳንና የሳምንት ሥርዓት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጠመንጃ እንደሚወለወል ሁሉ በርሜልም ይታጠብ። ባል ይቅዳ፣ ሚስት ታጥብ፣ ልጆች የቆርቆሮና የጣሳ ክምር ይልቀሙ፣ የክፍል መሪዎችም ከቤት ወደ ቤት ሳይሆን አስቀድመው ከራሳቸው ታንከር ምርመራውን ይጀምሩ። በየግቢያችን ያለውን የውኃ ዕቃ ዛሬውኑ እንቁጠር፤ ስንቱ ክዳን አለው?